ከቅርፊት የሚወጣው ሀብትና ከደቻቱ አሸዋ በታች ያለው ውኃ

ድሬዳዋ፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ "ፌስታልን ምን ይተካዋል?" የሚለው ጥያቄ በየከተማው ይነሣል። በድሬዳዋ ጥያቄው በዓይን የሚታይ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከደንገጎ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ በየመንገዱ የተጣለውን ፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ጠራርጎ በደቻቱ አሸዋ ላይ ዘርግቶት ያልፋል። ጎርፉ ሲጎድል ፕላስቲኩ ይቀራል፤ አፈሩም አይበላውም።

ለዚህ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ከባሕር የሚመጣ ነው። የሽሪምፕ፣ የሸርጣንና የሎብስተር ቅርፊት ከቆሻሻ ተርታ ወጥቶ ለመድኃኒት፣ ለእርሻ፣ ለውኃ ማጣሪያና ለማሸጊያ የሚውል ተፈጥሯዊ ፖሊመር እየተመረተበት ነው። ምርቱ በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ጥሬ ዕቃውም በብዙ አገሮች የሚጣል ተረፈ ምርት ነው። ከባቡር ጋር ለተወለደች፣ ከጅቡቲ ወደብ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም ለማትርቅ፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጣናም ለያዘች ከተማ እንዲህ ያለው ኢንዱስትሪ ዕድል መስሎ ቢታይ አያስገርምም።

ዕድሉ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስከትላል። ከቅርፊት የሚወጣው ምርት አካባቢን የማይጎዳ መሆኑ፣ የሚወጣበት መንገድ አካባቢን አይጎዳም ማለት አይደለም። ደቻቱን በመሰለ አሸዋማ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሕዝብ ደግሞ ከምርቱ ይልቅ መንገዱ ይበልጣል።

ካይቲን ምንድን ነው?

ፖሊመር ማለት እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተመሳሳይ ቅንጣቶች እየተያያዙ የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የጥጥና የእንጨት ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ ተፈጥሮ የምትሠራው ፖሊመር ነው። ካይቲንም የሴሉሎስ ዘመድ ሲሆን፣ በተፈጥሮ በብዛት ከሚገኙት ፖሊመሮች መካከል ከሴሉሎስ ቀጥሎ ይጠቀሳል። የሽሪምፕንና የሸርጣንን ቅርፊት፣ የአንበጣንና የጢንዚዛን ሽፋን፣ የእንጉዳይንም ሕዋስ ግድግዳ የሚያጠነክረው እርሱ ነው።

የካይቲን ታሪክ ከባሕር አለመጀመሩ ልብ ሊባል ይገባል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1811 ንጥረ ነገሩን መጀመሪያ ያገኘው ከእንጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1823 ኦዲዬ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ከጢንዚዛ ሽፋን አገኘውና ካይቲን የሚለውን ስም አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1859 ደግሞ ሩዤ ካይቲንን በጠንካራ አልካላይ አፍልቶ ዛሬ ካይቶሳን የሚባለውን ምርት አስገኘ።

ካይቲን ራሱ በውኃም በተራ አሲድም አይሟሟም። ካይቶሳን ግን አቼቶን በመሰለ ደካማ አሲድ ይሟሟል፤ ብዙ ጥቅሙም ከዚህ የሚመነጭ ነው። ሲሟሟ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ፣ አሉታዊ ሙል ካላቸው የጭቃ ቅንጣቶችና የባክቴሪያ ሕዋሳት ጋር ይጣበቃል። በደፈረሰ ውኃ ላይ ሲጨመር ጭቃውን አሰባስቦ ያዘቅጠዋል፤ የሽፈራው ፍሬ ዱቄት በገጠር ለሚሰጠው አገልግሎት ቅርብ ነው። ደም የሚያቆም የቁስል ማሸጊያ ይሠራበታል። በፍራፍሬ ገላ ላይ በስሱ ሲቀባ ፍሬው ቶሎ እንዳይጠወልግና ሻጋታ እንዳያጠቃው ያግዛል። ዘርን ለማከምና የሰብልን የበሽታ መከላከያ ለማነቃቃትም ያገለግላል፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ለእርሻ አገልግሎት እንዲውል የፈቀደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ለጥሬ ዕቃው እጥረት የለም። ኔቸር የተሰኘው የሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ጽሑፍ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሸርጣን፣ የሽሪምፕና የሎብስተር ቅርፊት እንደሚጣል ገልጿል። በዚሁ ጽሑፍ መሠረት ቅርፊቱ ከ20 እስከ 40 በመቶ ፕሮቲን፣ ከ20 እስከ 50 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ከ15 እስከ 40 በመቶ ደግሞ ካይቲን ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ማለት የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚፈጩት የኖራ ድንጋይ ዋና አካል ነው።

ነባሩ መንገድና ዋጋው

ካይቲን ከፕሮቲንና ከኖራ ጋር እንደ ግድግዳ ጭድና ጭቃ ተሳስሮ ይገኛል። እርሱን ለብቻው ለማውጣት ሁለቱን ማስወገድ ግድ ነው። በፋብሪካ የተለመደው መንገድ ቅርፊቱን ፈጭቶ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራውን ማሟሟት፣ በኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ፕሮቲኑን ማጠብ ነው። ካይቶሳን ከተፈለገ ሌላ ከባድ ደረጃ ይጨመራል፤ ካይቲኑ ከ40 እስከ 50 በመቶ ጥንካሬ ባለው ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት ይቀቀላል። በየደረጃው መካከል ኬሚካሉ እስኪለቅ ድረስ በውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

የኬሚስትሪው ስሌት ግልጽ ነው። 1 ኪሎ ግራም ኖራ ለማሟሟት ቢያንስ 730 ግራም ንጹሕ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጠፋል፤ 440 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ አየር ይለቀቃል። ከዚህ በላይ የሚከብደው የውኃው ወጪ ነው። ከላይ የተጠቀሰው ጽሑፍ 1 ኪሎ ግራም ካይቶሳን ከሽሪምፕ ቅርፊት ለማምረት ከ1 ቶን በላይ ውኃ እንደሚያስፈልግ አስፍሯል። ይህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ ከ50 ጀሪካን በላይ ነው።

ብዙዎች እንደሚያስቡት አሲዱንና ኮስቲክ ሶዳውን አደባልቆ ማክሸፍ ችግሩን አይዘጋውም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ሲገናኙ የሚሰጡት የገበታ ጨው ነው። ስለዚህ የከሸፈው ፍሳሽ የማያቃጥል ቢሆንም ጨዋማ ነው፤ በውስጡም የሚበሰብስ ፕሮቲን ይዟል። ጨው በደረቅ ምድር ላይ ምን እንደሚያደርግ በአዋሽ ተፋሰስ ያለ አርሶ አደር ሌላ ሰው እንዲያስረዳው አይሻም። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራ አካባቢ ጨው የወጣበት የመስኖ መሬት ከምርት ውጭ ሆኖ ታይቷል። ድሬዳዋም የዚሁ ተፋሰስ አካል ናት።

ደቻቱ ለምን የተለየ ጥንቃቄ ይሻል?

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የማይታይበት የአሸዋ ወንዝ ነው። ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። ሰዎች ይሻገሩበታል፤ የግንባታ አሸዋ ይወጣበታል፤ በዳርና ዳሩ ይነገድበታል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ጸባዩ ይለወጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉንና በሺዎች የሚቆጠሩትን ከቤታቸው ማፈናቀሉን ከተማዋ አትረሳውም።

በዓይን የማይታየው የደቻቱ ሥራ ደግሞ ከመሬት በታች ነው። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ሳቢያንን በመሳሰሉ የጉድጓድ መስኮች የሚወጣው ውኃ የሚተካው ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ በአሸዋና በጠጠር ውስጥ እየሰረገ ሲገባ ነው። አሸዋው ለከተማዋ የውኃ በር ነው ማለት ይቻላል። በዚህ በር የሚገባው ንጹሕ ውኃ ብቻ አይደለም። በከተማዋ ጉድጓዶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የናይትሬት መጠን ከፍ ማለቱን ደጋግመው አሳይተዋል፤ ምንጩም በአብዛኛው ከመጸዳጃ ጉድጓዶችና ከከተማ ፍሳሽ ጋር ይያያዛል።

ስለዚህ "ፍሳሹ ወደ ወንዙ ይሄዳል" የሚለው አባባል ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ ወንዝ ዳር ያለው ትርጉም በደቻቱ አይሠራም። ሌላው ወንዝ ቆሻሻውን ይዞ ይሄዳል። ደቻቱ ግን በበጋ የተደፋበትን ያስቀምጣል፤ በክረምት ደግሞ ወደ ታች ይሰጣል። የቅርፊት ፕሮቲን ሲበሰብስ አሞኒያ፣ አሞኒያውም በአፈር ባክቴሪያ አማካይነት ናይትሬት ይሆናል። ቀድሞውኑ ናይትሬት የበዛበት የከርሰ ምድር ውኃ ተጨማሪ ሸክም የመሸከም አቅም የለውም።

የእርጎው መንገድ

ተመራማሪዎች ነባሩን ዘዴ ለመተካት ከሚሠሩባቸው መንገዶች ለኢትዮጵያ ቤተሰብ እንግዳ ያልሆነ አንድ አለ፤ ማቡካትና ማርጋት ነው። ወተትን እርጎ፣ ሊጥንም ቡኮ የሚያደርጉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በቅርፊት ላይም ይሠራሉ። የተፈጨው ቅርፊት ከስኳር ምንጭና ከባክቴሪያው ጋር በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ባክቴሪያው ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል፤ አሲዱም ኖራውን ያሟሟል። ፕሮቲኑን ደግሞ በቅርፊቱ ውስጥ ያሉትና ሌሎች ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል። ታች የሚቀረው ጠጣሩ ካይቲን ነው።

የዚህ መንገድ ዋና ብልጫ ፍሳሹ ቆሻሻ አለመሆኑ ነው። በገንዳው የሚቀረው ፈሳሽ ፕሮቲንና ካልሲየም የያዘ በመሆኑ ተገቢው ምርመራ ከተደረገለት ለእንስሳት መኖ ሊውል ይችላል። ለባክቴሪያው የሚያስፈልገው ስኳርም ውድ መሆን የለበትም። መተሐራን ከመሰሉ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው ሞላሰስ፣ ከአይብ የሚተርፈው አጓት፣ ከገበያ የሚጣለው የበሰበሰ ፍራፍሬ ለዚህ ይበቃል።

ሌሎች መንገዶችም እየተሞከሩ ነው። ፕሮቲኑን በተዘጋጀ ኢንዛይም መስበር አንዱ ነው። ለዶሮ መኖ የሚጨመረውን ኮሊን ክሎራይድን ከላክቲክ አሲድ ጋር አዋሕዶ እንደ ማሟሟያ መጠቀምና ማሟሟያውን ደጋግሞ ማገልገልም ሌላው ነው። በሙቅ ግሊሰሮልና በከፍተኛ ሙቀት ውኃ የሚሠሩ ዘዴዎችም በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይተዋል።

ነገር ግን የእነዚህን መንገዶች ድካም መሸሸግ ገበሬውንም ባለሀብቱንም ማሳሳት ነው። ማብላላት ቀናትን ይፈጃል፤ አሲድ ግን በሰዓታት ይጨርሳል። ባክቴሪያው ኖራውንና ፕሮቲኑን ሙሉ በሙሉ አያነሣም፤ ለመድኃኒት የሚሆን ንጽሕና ከተፈለገ በመጨረሻ ጥቂት አሲድና አልካላይ መጨመሩ አይቀርም። ካይቲንን ወደ ካይቶሳን ለመለወጥ ደግሞ እስካሁን በስፋት የሚሠራበት ያው ጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ቢኖሩም በጠጣር ካይቲን ላይ ጉልበታቸው ደካማ ነው። እንግዲህ "አረንጓዴ" የሚል ስም የተሰጠው ፋብሪካ ሁሉ ከኬሚካል ነፃ ነው ብሎ መቀበል አይገባም። የትኛው ደረጃ በባክቴሪያ፣ የትኛው በኬሚካል እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባሕር በሌለበት ቅርፊቱ ከየት ይመጣል?

በአማርኛ ቅርፊት የሚለው ቃል ለሸርጣንም ለዓሣም ስለሚያገለግል በቅድሚያ መለየት ያለበት ነገር አለ። የጣና፣ የጫሞ ወይም የዝዋይ ዓሣ ቅርፊት በዋናነት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲንና ከአጥንት ማዕድን የተሠራ ነው። እርሱም የራሱ ጥቅም አለው፤ የካይቲን ምንጭ አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነው። ሽሪምፕና ሸርጣን ደግሞ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ቤት ማዕድ ላይ አይቀርቡም። ቅርፊቱን ከጅቡቲ በባቡር ማምጣት በሐሳብ ደረጃ ይቻል ይሆናል። ነገር ግን እርጥብ ቅርፊት በቆላ ሙቀት በአንድ ቀን ውስጥ መሽተት የሚጀምር ነው። እዚያው ካልደረቀ የሚጓጓዘው ውኃና ግማት ይሆናል። ውኃ የሚፈጀውን ሥራ ከባሕር ዳር አንሥቶ ወደ ደረቅ ምድር ማምጣትም ብዙ ማሰብን ይጠይቃል።

ወደ ብራኮኖና ወደ ኦዲዬ ግኝት መመለስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካይቲን በእንጉዳይና በነፍሳትም ውስጥ አለ። ኪቶዛይም የተባለው የቤልጅየም ኩባንያ ካይቶሳን የሚያመርተው ከባሕር እንስሳ ሳይሆን ከፈንገስ ነው። ነፍሳትን በተመለከተ ደግሞ ድሬዳዋ መጥፎ ትዝታ አላት።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከአንበጣ መንጋ ጋር ተጋጭቶ የፊት መስታወቱ በመሸፈኑ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ማረፉ ይታወሳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በዚያው ዓመት ይፋ ባደረገው ግምገማ መንጋው በኢትዮጵያ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የሰብል መሬት ላይ ጉዳት አድርሶ ከ356 ሺህ ቶን በላይ እህል አሳጥቷል። ይህ ከ3 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ነው። ከደረቅ የበረሃ አንበጣ ክብደት አንድ አሥረኛው ገደማ ካይቲን ነው። ሽፋኑም እንደ ሸርጣን በኖራ የደነደነ ስላልሆነ የሚፈልገው አሲድ ጥቂት ነው።

በዚያን ወቅት በፓኪስታን ኦካራ አውራጃ ገበሬዎች አንበጣውን ሌሊት ዛፍ ላይ ሲያርፍ እየለቀሙ በኪሎ ለዶሮ መኖ አምራች የሸጡበት ሙከራ ተደርጎ ነበር። በኬንያም ተመሳሳይ ሥራ ተሞክሯል። ሁለቱም ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው፤ የሚለቀመው አንበጣ ፀረ ተባይ ኬሚካል ያልተረጨበት መሆን ነበረበት። መንጋ በብዛት ሲመጣ ደግሞ ቅድሚያ የሚሰጠው ለርጭት ነው። ከዚህም ሌላ በየስንት ዓመቱ እንደሚመጣ በማይታወቅ መቅሠፍት ላይ ፋብሪካ አይተከልም። አንበጣ ካይቲን ከባሕር ውጭ እንዳለ ያሳያል እንጂ ዘላቂ ግብዓት አይሆንም።

ዘላቂ ሊሆን የሚችለው በየቀኑ የሚገኘው ነው። ከቀፊራና ከአሸዋ ገበያ በየዕለቱ የሚወጣው የአትክልትና የፍራፍሬ ጥራጊ ጥቁር ወታደር ዝንብ ለምትባለው ነፍሳት ምግብ ይሆናል። ሙቀት የምትወደው የዚህች ዝንብ እጭ የገበያ ቆሻሻን በልቶ በፕሮቲን የበለጸገ የዶሮና የዓሣ መኖ ይሆናል። በናይሮቢ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ በዚህች ዝንብ ላይ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቷል፤ በኬንያ በንግድ ደረጃ የሚያረቡም አሉ። እጩ ወደ ዝንብ ሲለወጥ የሚጥለው ልባስ ደግሞ ካይቲን የያዘ ነው። የዚህች ነፍሳት ልባስ ከሌሎች ነፍሳት የበለጠ ካልሲየም ስላለው አሲዱ ጨርሶ አይቀርም፤ ቢሆንም ጥሬ ዕቃው እዚያው ከተማ ውስጥ የሚገኝ፣ ወደ ደቻቱ ይጣል የነበረ ቆሻሻ ነው።

አርሶ አደሩ ምን ያገኛል?

ስለ ካይቶሳን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ንጹሕ ነጭ ዱቄትና ውድ ገበያ ነው። ለድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎችና ለአጎራባች የሐረርጌ አርሶ አደሮች ግን የመጀመሪያው ጥቅም ከዚያ ዝቅ ባለው ደረጃ ላይ ሊገኝ ይችላል። ዕፅዋት ካይቲንን የሚያውቁት እንደ ጠላት ምልክት ነው። የፈንገስም የነፍሳትም አካል ስለሆነ፣ ሥራቸው አጠገብ ሲገኝ የመከላከያ ሥርዓታቸውን ያነቃሉ። በአፈር ውስጥ ካይቲንን የሚመገቡ ረቂቅ ሕያዋንም ይበዛሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ ጎጂ ፈንገሶችንና የሥር ትሎችን የሚያጠቁ አሉ። ለዚህ ጥቅም ካይቲኑን አንጥሮ ማውጣት አያስፈልግም። የእጩ ፍግና ልባሱ አብረው በስብሰው ማዳበሪያ ቢሆኑ ይበቃል። ይህ መንገድ አሲድ አይሻም፤ ኮስቲክ ሶዳም አይሻም፤ 50 ጀሪካን ውኃም አይፈጅም።

ሁለተኛው ደረጃ ፍራፍሬ ነው። በድሬዳዋና በአካባቢዋ የሚመረተው ማንጎ፣ ፓፓያና ብርቱካን በሙቀቱ ምክንያት ከተለቀመ በኋላ ቶሎ ይበላሻል። ለመቀቢያ የሚያስፈልገው የካይቶሳን መጠን ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመቀቢያው ፈሳሽ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ አይበልጥም። ለዚህ ሲባል ፋብሪካ መትከል ሳያስፈልግ ጥቂት ካይቶሳን ገዝቶ በአካባቢው ፍሬ ላይ መሞከር ይቻላል። ሙከራውን በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የምህንድስናና የእርሻ ክፍሎች ሊሠሩት የሚችሉት ነው። ፍሬው ስንት ቀን እንደቆየ፣ ነጋዴው ስንት ብር እንዳተረፈ ከታወቀ በኋላ ማምረት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው በቁጥር ይመለሳል።

ፌስታልን በተመለከተ ግን ተስፋውን በልክ ማድረግ ይገባል። ከካይቶሳን የሚሠራ ስስ ላስቲክ መሰል ሽፋን ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስም ጥንካሬው ይቀንሳል። ዋጋውም ከተራ ፕላስቲክ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለገበያ መያዣ የዘንቢልና የጨርቅ ከረጢት ቅርብ መፍትሔ ሆነው ይቆያሉ።

ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች

በነፃ የንግድ ቀጣናውም ሆነ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ከቅርፊት፣ ከነፍሳት ወይም ከፈንገስ ፖሊመር የሚያወጣ ባለሀብት ነገ ቢመጣ፣ ነዋሪውና አስተዳደሩ የሚመዝኑበት መለኪያ ከአሁኑ ሊኖር ይገባል። የሕግ መሠረቱ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ በአካባቢ ላይ ጉልህ ተጽዕኖ ሊያደርስ የሚችል ፕሮጀክት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ የሕዝብ አስተያየትም እንዲካተት ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የበከለ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል።

በእነዚህ አዋጆች መሠረት የሚቀርበው ጥናት ቢያንስ አምስት ነገሮችን በግልጽ ቢመልስ ተገቢ ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ምርት ስንት ሊትር ውኃ ይፈጃል? ውኃው ከየትኛው ጉድጓድ ይወጣል፤ ከመጠጥ ውኃስ ይሻማል? የታጠበበት ውኃ ስንት ጊዜ ተመልሶ ያገለግላል? የመጨረሻው ፍሳሽ ጨውና ናይትሮጅን ምን ያህል ነው፤ የትስ ይደፋል? የደቻቱን የመሰለ ጎርፍ ሌሊት ቢደርስ የኬሚካል ማከማቻው ከጎርፉ መንገድ የራቀ ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ በሌሎች ከተሞች ትርፍ ቃል ሊመስል ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ጎርፉ ቤትና ድልድይ ጠርጎ በሄደበት ከተማ ግን የኮስቲክ ሶዳ በርሜል የት እንደሚቀመጥ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከተጣለ ነገር ሀብት ማውጣት መልካም ሐሳብ ነው፤ ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ለወጣቱም ሥራ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ለድሬዳዋ የሚበጀው ከቀላሉ ደረጃ ጀምሮ በሙከራ እየተረጋገጠ ሲያድግ ነው፤ መጀመሪያ የገበያ ጥራጊን ወደ መኖና ወደ ማዳበሪያ መለወጥ፣ ቀጥሎ በማብላላት ካይቲን ማውጣት፣ ኬሚካል የሚሻውን የካይቶሳን ደረጃ ደግሞ ፍሳሹን ሙሉ በሙሉ አጣርቶ መልሶ መጠቀም የሚችል አካል ሲገኝ ብቻ። ከምርቱ የሚገኘው ገቢ ከዓመት ዓመት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ከደቻቱ አሸዋ በታች ያለው ውኃ ግን አንዴ ከተበከለ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ላይጠራ ይችላል፤ ጉድጓዱን የሚቀዳው ደግሞ ፋብሪካው ቢዘጋም እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ነው።